የጦሳን ተዳፋት የሚጠብቅ መሣሪያ ይተከልልን

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። ናዳ ሲወርድ ትዘግባላችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ከመውረዱ በፊት ምን ማድረግ ይቻላል የሚለው ግን ብዙም ሲነሳ አላይም።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከ200 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ፣ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ሰዎች መሆናቸው ነው። እነሱ ጭቃውን ሲዝቁ ከበላያቸው ያለው መሬት ገና አልረጋም ነበር። ይህን የሚነግራቸው አልነበረም።

እኛም የምንኖረው ከተራራ ሥር ነው። ደሴ ጦሳን ተደግፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሾፌርም ክረምት ሲገባ ዓይኑን ከገደሉ አይነቅልም።

መሣሪያው ደግሞ አለ። መኪና ውስጥ ያለው ጂፒኤስ በሜትሮች ይሳሳታል፤ ነገር ግን አንዱን መቀበያ ጽኑ አለት ላይ፣ ሌላውን የሚያሰጋው ተዳፋት ላይ ተክለው ሁለቱን ሲያነጻጽሩ መሬቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር እንኳ ቢንሸራተት ይታወቃል። ይህ ቀስ እያለ ለሚሄድ መሬት ነው። ድንጋይና ጭቃ ቀላቅሎ በሸለቆ ለሚወርደው ደራሽ ግን አይደርስም፣ እሱ በደቂቃዎች ውስጥ ታች ነው። ለሱ የዝናብ መለኪያ፣ ከወንዙ በላይ ተሰቅሎ የውሃውን ከፍታ የሚለካ ሴንሰር እና የመሬት ንዝረት የሚሰማ ጂኦፎን ያስፈልጋል። መረጃው በሬዲዮ ይተላለፋል፣ ኃይሉም ከሶላር ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ኢልግራበን የሚባል ሸለቆ አለ፤ እዚያ ከላይ ያሉት ጂኦፎኖች ንዝረቱን ሲሰሙ፣ ታች ወንዙን ለሚሻገረው ሰው መብራትና ድምፅ ያስጠነቅቃል።

እኔ የምፈራው መሣሪያውን ሳይሆን ከተተከለ በኋላ ያለውን ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጦሳ በጉም ተሸፍኖ ይውላል፣ ባትሪው ያን ሁሉ ቀን ፀሐይ ሳያገኝ መቆየት አለበት። ሬዲዮው ጋራውን ሰንጥቆ አያልፍም፣ ስለዚህ ተረተሩ ላይ አቀባይ ያስፈልገዋል። ሶላሩን የሚሰርቅም አይጠፋም፤ ከቀበሌው ሁለት ወጣት በደመወዝ ጠባቂ ካልተደረገ ፕሮጀክቱ ተመርቆ በዓመቱ ብረት ብቻ ይቀራል። ማስጠንቀቂያውም በስልክ መልእክት ብቻ መሆን የለበትም፣ ዝናቡ ሲበረታ መብራትም ኔትወርክም አብረው ይጠፋሉ። ወሎ ውስጥ ሰው ሌሊት የሚነቃበትን እናውቃለን፤ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ በባትሪ እንዲሠራ ይደረግ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወልም አለ። ሼኩና ቄሱ ማን እንደሚያሳውቃቸው፣ ሕዝቡም በየት በኩል ወደ የትኛው ከፍታ እንደሚወጣ ከክረምቱ በፊት ይለማመዱት።

ሁሉንም ተራራ በአንዴ አልልም። አንድ የሚያሰጋ ሸለቆ ተመርጦ ይጀመር። ከተማችን ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ኮምቦልቻም የቴክኖሎጂ ተቋሙ አለ፤ ተማሪዎቹ የመመረቂያ ሥራቸውን እዚህ ላይ ቢያደርጉት ምን ይላል?

እናንተ ደግሞ ጋዜጠኛ ላኩና የከተማውን አስተዳደር ጠይቁልን፦ የትኛው ተዳፋት ነው በጣም የሚያሰጋው? ሥሩስ ስንት ቤት አለ? የሚሰጧችሁን መልስ ሳትቆርጡ አውጡልን።

አንድ የደሴ ነዋሪ