ኅዳር 2001፣ በማን አቆጣጠር?

ይድረስ ለብሪታንያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር

ለንደን ውስጥ ከስደተኛ ልጆች ጋር የምሠራ ሶሻል ወርከር ነኝ። እንግሊዝኛውን ለብቻው ልኬላችኋለሁ። ይህኛው ያገሬ ሰው እንዲያነበው ነው።

አንድ ልጅ ብቻውን መጣ። መቼ ተወለድክ ሲባል «ኅዳር 2001» አለ። በእኛ አቆጣጠር ልክ ነው። በእናንተ ኖቬምበር 2008 መሆኑ ነው። ወረቀቱን የሞላው ሰው ግን 2001ን እንዳለ ጻፈው። የ16 ዓመቱ ልጅ ከወንበሩ ሳይነሳ 23 ሞላው። አሳዳጊ ቤተሰብና ትምህርት ቤት ማግኘት ሲገባው፣ ከማያውቃቸው ጎልማሶች ጋር ሆቴል ገባ።

ማስረጃ አምጣ ይባላል። ከየት ያምጣ? ኢትዮጵያ ውስጥ አገር አቀፍ የልደት ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። (በእናንተ ኦገስት 6 ቀን 2016። አያችሁ?) ልጁ የሚያውቀው እናቱ የነገረችውን ነው፤ «ለኅዳር ሚካኤል ጥቂት ቀን ሲቀረው ወለድኩህ» ብላዋለች።

ከዚያ ጉዳዩ ወደ እኛ ይመጣል። በእናንተ 2003 የእንግሊዝ ፍርድ ቤት በለንደኑ የሜርተን ወረዳ ጉዳይ የሰጠው «የሜርተን ፍርድ»፣ ነገሩ ግልጽ ካልሆነ በቀር መልክ ብቻ አይቶ ዕድሜ መወሰን አይቻልም ይላል። ስለዚህ ሁለት ሶሻል ወርከሮች ሆነን እንጠይቀዋለን። ስንተኛ ክፍል ነበርክ? አባትህ ሲሞት ስንት ዓመትህ ነበር? ሊቢያ ስንት ወር ቆየህ? ጠዋት «በልተሃል?» ያልኩት ልጅ፣ ከሰዓት ቃሉን ሳመሳክርበት ቀና ብሎ አያየኝም። እኔ ይህን ሥራ የተማርኩት ልጅ ልጠብቅበት ነበር። መርማሪ ያደረገኝ የእናንተ ፖሊሲ ነው።

በ2022ቱ የዜግነትና የድንበር ሕግ ደግሞ የራሳችሁን የዕድሜ ምዘና ቦርድ አቋቁማችሁ ሶሻል ወርከሮች ቀጠራችሁበት። ጥገኝነት ከሚከለክለው መሥሪያ ቤት ደመወዝ እየበሉ ዕድሜው ሲያጠራጥር ለልጁ ማድላት ቀላል አይመስለኝም። ባልደረቦቼ ቢቀየሙኝም ይቀየሙኝ።

ጁላይ 2025 ላይ ደግሞ ፊት አይቶ ዕድሜ የሚገምት ኤአይ ልትሞክሩ መሆኑን ተናገራችሁ። ሰሃራን ያቋረጠ የ16 ዓመት ልጅ ፊት ምን እንደሚመስል ለማሽኑ ማን ነግሮት ይሆን?

ሌላው ክርክር ይቆየን። ለጊዜው ቅጹ ላይ፣ ከትውልድ ቀኑ አጠገብ፣ «በየትኛው የዘመን አቆጣጠር?» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። ልጁ ያለውንም የተቀየረውንም ጻፉ። ስሌቱ ካስቸገራችሁ ደውሉልኝ።