በምን ተጠርጥራ? ለፍትሕ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢፌዴሪ ፍትሕ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶች በፖሊስ ሲጠየቁ ስለሚከበርላቸው መብት

በሌሊት አፈሳ ጣቢያ የገባች ሴት መዝገብ ላይ፣ የተያዘችበት ምክንያት በሚለው ቦታ «ሴተኛ አዳሪ» ተብሎ ከተሞላ ምንም አልተሞላም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አዋቂ ሴትን ገላዋን ሸጣ በማደሯ ብቻ አይቀጣም። አንቀጽ 634 የሚቀጣው በእሷ የሚያተርፈውን ነው፦ ደላላውንና ለዚሁ ንግድ ቤት የሚያስተዳድረውን። አንቀጽ 846 ደግሞ የደንብ መተላለፍ (ከወንጀል ያነሰ ቀላል ጥፋት) ሲሆን፣ የሚያርፈው በአደባባይ በሚደረግ ተገቢ ያልሆነ የወሲብ ግብዣ ወይም ጎረቤትን በመረበሽ ላይ ነው። መንገድ ዳር መቆም፣ አጭር ቀሚስ መልበስ፣ ቦርሳ ውስጥ ኮንዶም መያዝ እዚያ ውስጥ የሉም።

ይህ ልዩነት መያዙ ራሱ ሕጋዊ መሆን አለመሆኑን ይወስናል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 50 እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ያለ ማዘዣ ለመያዝ፣ ጥፋቱ ከ3 ወር በማያንስ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ እንዲሆን ይጠይቃል። በጥርጣሬ ለመያዝ ደግሞ በአንቀጽ 51 ቢያንስ የ1 ዓመት እስራት የሚያስከትል ወንጀል ያስፈልጋል። የደንብ መተላለፍ ከሁለቱም አይገባም። ጸጥታ ስታደፈርስ ከተገኘች ሌላ ነገር ነው፤ ያን ጊዜም ምን አድርጋ እንዳደፈረሰች ይጻፍ።

ቀጥሎ የሚበላሸው የጥያቄው ቅደም ተከተል ነው። ቡና ቤቱ በአንቀጽ 634 ተጠርጥሮ ከተፈተሸ፣ እዚያ የምትሠራው ሴት ምስክር ናት። ምስክር በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 30 መሠረት እውነቱን የመናገር ግዴታ ቢኖርባትም፣ ራሷን ለክስ የሚዳርጋትን ጥያቄ አለመመለስ ትችላለች። ተጠርጣሪ ከሆነች ደግሞ አንቀጽ 27 ይመጣል፤ ስሟና አድራሻዋ ከተመዘገበ በኋላ፣ ስለ ጉዳዩ ከመጠየቋ በፊት፣ ዝም የማለት መብት እንዳላትና የምትሰጠው ቃል ማስረጃ ሊሆንባት እንደሚችል ይነገራታል። በምስክርነት ተጠርታ «ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ሥራ ላይ ያለሽው? በቀን ስንት ደንበኛ?» ተብላ የመለሰችው ነገር፣ በኋላ በራሷ ላይ የተከሳሽነት ቃል እንዲሆን መደረግ የለበትም። (ሌላ ባለጉዳይ ሴት ብትሆን «እርስዎ» ትባል እንደነበር መርማሪው ያውቀዋል።) ስለዚህ ማንኛዋም ሴት «ምስክር ነኝ ወይስ ተጠርጣሪ?» ብላ መጠየቅ አለባት፣ መልሱም መዝገብ ላይ መስፈር አለበት።

«ፈርሚና ሂጂ» የሚለው አነጋገርም ቀላል አይደለም። አንቀጽ 31 በተስፋ፣ በማባበል ወይም በማስፈራራት ቃል መቀበልን ይከለክላል፤ ቤትሽ መሄድ የምትችዪው ከፈረምሽ ነው ማለት ተስፋም ማስፈራሪያም ነው። ማንበብ የማትችል ሴት አሻራዋን ከማኖሯ በፊት ቃሏ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነበብላት፤ ያላለችው ካለ እዚያው ይታረም።

የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት መቅረብ ያለበት በ48 ሰዓት ውስጥ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ከዚህ ጊዜ የሚቀንሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚያስፈልገውን የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሑድም በዓልም አይቀነስም። አርብ ማታ በ4 ሰዓት የተያዘች ሴት ጊዜዋ እሑድ ማታ በ4 ሰዓት ያልቃል። ቆጠራው የሚጀምረው ከተያዘችበት ደቂቃ ነው እንጂ መርማሪው ጠዋት ገብቶ መዝገብ ሲከፍት አይደለም። የተያዘችበትና ጣቢያ የገባችበት ሰዓት ለየብቻ ካልተጻፉ ግን ማን ይቆጥረዋል?

ዋስም አለ። ከገጠር ወይም ከሌላ ከተማ የመጣች ሴት የቀበሌ መታወቂያ ስለሌላት ብቻ፣ የመታወቂያ ዋስ የሚሆናት ሰው ስለጠፋ ብቻ ታድራለች። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 28 ግን እንዲህ ባለ ቀላል ጉዳይ መርማሪው ግዴታ አስፈርሞ፣ ዋስ ሳይጠራም፣ ሊለቃት ይፈቅድለታል። እምቢ ካለ ለፍርድ ቤት ማመልከት ትችላለች። ለዚህ ጠበቃ ቢረዳት መልካም ነው፤ የዚሁ ሕግ አንቀጽ 61 የታሰረ ሰው ወዲያውኑ ጠበቃ እንዲያስጠራና እንዲያነጋግር፣ ከጠየቀም መጻፊያ እንዲሰጠው ያዛል።

ፍተሻን በተመለከተ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 32 ግልጽ ነው፦ ሴትን የምትፈትሽ ሴት ናት፤ ያውም ለጉዳዩ ማስረጃ የሚሆን ነገር ይዛለች ተብሎ በበቂ ምክንያት ከተጠረጠረች። ኮንዶም መያዝ በራሱ ወንጀል አይደለም። ጤና ተቋም ያደለውን ጣቢያ ሲነጥቅ፣ መንግሥት በቀኝ እጁ የሰጠውን በግራው መውሰዱ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ራሷ ከሳሽ ሆና ስትመጣ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ሲቀጣ የተበዳይዋን ሥራ አይጠይቅም። ተደፍራ የመጣች ሴት መጀመሪያ የምትላከው ወደ ሕክምና ምርመራ ነው፤ ሰዓታት በሄዱ ቁጥር ማስረጃው ይጠፋል። ስለ ሥራዋ የሚቀርበው ጥያቄ ለጉዳዩ ካስፈለገ ከዚያ በኋላ ይድረስ። ከ18 ዓመት በታች የሆነች ልጅ ደግሞ በወሲብ ንግድ ውስጥ ብትገኝ ተበዳይ ናት፤ የሚፈለገው ያመጣት ሰው ነው።

የምንጠይቀው አንድ ገጽ ቅጽ ነው። በየጣቢያው ተረኛ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ የተጠረጠረችበት አንቀጽ፣ ምስክር ወይስ ተጠርጣሪ፣ የተያዘችበትና ጣቢያ የገባችበት ሰዓት፣ የፈተሸቻት ሴት ፖሊስ ስምና መብቷ የተነገረበት ቋንቋ ይሙላበት። ዐቃብያነ ሕግ ማረፊያ ቤቶችን ሲጎበኙ መጀመሪያ ይህን ቅጽ ይመልከቱ፤ አንቀጹ ባዶ ሆኖ ያገኟትንም ሴት በዚያው ሰዓት ያስለቅቁ። ቅጹ በአማርኛ ብቻ አይታተም፤ ሕገ መንግሥቱ የሚለው «በሚገባት ቋንቋ» ነውና ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ወላይትኛ የምትናገረዋም እንድትረዳው ይሁን፤ ለማታነበው ደግሞ ጮክ ተብሎ ይነበብላት።

ከአክብሮት ጋር፣
በነጻ የሕግ ምክር የምንሰጥ የሕግ ባለሙያዎች