ኮሮጆውን ለማሽን ከማስረከባችን በፊት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ምርጫችን ከወረቀትና ከኮሮጆ ወጥቶ በኤሌክትሮኒክስ ማሽን ቢካሄድ ቆጠራው እንደሚፈጥንና ማጭበርበርም እንደሚቀር የሚናገሩ ወገኖች አሉ። በደብረ ማርቆስ ከተማ ኮምፒውተር በመጠገን የምተዳደር አንባቢዎ በመሆኔ፣ ከሙያዬ ጋር የሚገናኘውን የጉዳዩን ክፍል ለማስረዳት ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ። በእኔ እምነት ድምፅ የመቀበሉና የመቁጠሩ ሥራ ለማሽን ብቻ ሊሰጥ አይገባም። የመራጮች ምዝገባ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አላነሣውም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የድምፅ መስጫ ማሽን ሲባል በአብዛኛው ኮምፒውተር ማለት ነው። መራጩ የሚያየው የዕጩዎቹን ስምና ምልክት የያዘውን ስክሪን ብቻ ሲሆን፣ ከሥሩ ሆኖ ፋይል የሚከፍተውን፣ ሜሞሪ የሚያከፋፍለውንና ለየትኛው ፕሮግራም ምን እንደሚፈቀድ የሚወስነውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም አያየውም። ይህን የታችኛውን ክፍል የተቆጣጠረ ሰው፣ ከላይ ያለው የምርጫ ሶፍትዌር የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢጻፍ፣ ስክሪኑ ላይ አንዱን ዕጩ እያሳየ ሜሞሪው ውስጥ ሌላውን ሊያስመዘግብ ይችላል። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ደግሞ ቀዳዳው በየጊዜው እየተገኘ በአፕዴት የሚደፈን ነገር ነው። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 7 ለተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በ2020፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ በ2025 አቁሟል። ጠቅላላ ምርጫ በአምስት ዓመት አንዴ በሚካሄድበት አገር፣ በውጭ ምንዛሪ የተገዛው ማሽን ለሁለተኛው ምርጫ ከመጋዘን ሲወጣ አካሉ አዲስ ሆኖ ሶፍትዌሩ ያረጀ ሊሆን ይችላል።

ይህ ከሐሳብ ያለፈ ሥጋት ነው። የአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ግዛት በ2015 ዊንቮት የተባለውን ማሽን ከአገልግሎት ያስወጣችው፣ ባለሙያዎች ሲመረምሩት ከ2004 ወዲህ አፕዴት ባልተደረገ ዊንዶውስ ኤክስፒ እንደሚሠራ፣ የገመድ አልባ ኔትወርኩም የይለፍ ቃል የእንግሊዝኛ ፊደል የመጀመሪያዎቹ አምስት ሆሄያት እንደሆኑ ስለደረሱበት ነው። የእኛ ከተማ የኢንተርኔት ቤት ልጆች እንኳ ከዚህ የተሻለ ያወጣሉ! በ2006 ደግሞ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ የታወቀ የድምፅ መስጫ ማሽን በሜሞሪ ካርድ አማካይነት በደቂቃ ውስጥ በቫይረስ ሊበከል እንደሚችል፣ ቫይረሱም በካርዱ ከማሽን ወደ ማሽን እንደሚዛመት አሳይተዋል። ለጥገና ከሚመጡልኝ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ፈቃድ የሌለው ዊንዶውስ የተጫነባቸውና አፕዴታቸው ሆን ተብሎ የተዘጋ ሲሆኑ፣ ቫይረሱም ከቢሮ ቢሮ የሚጓዘው በፍላሽ ነው። ይህ ልማድ የምርጫ ማሽን ሲመጣ በአንድ ሌሊት ይጠፋል ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

ተንኮለኛ ባይኖርም ችግር አለ። በ2003 በቤልጂየም ስካርቤክ በተባለ ስፍራ ለአንዲት ዕጩ 4,096 ትርፍ ድምፅ ተመዝግቦላት ተገኝቷል። ባለሙያዎቹ በሜሞሪው ውስጥ አንድ ቢት (ኮምፒውተር ቁጥር ከሚጽፍባቸው 0 እና 1 አንዱ) በራሱ መገልበጡን እንደ ምክንያት አቅርበዋል። ስሕተቱ የታወቀው ቁጥሩ ሊሆን ከሚችለው በላይ ስለነበረ ነው። ያነሰ ቢሆን ኖሮ ማን ይጠይቅ ነበር?

ወረቀት ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ኮሮጆ መገልበጥ ምን እንደሆነ ለጎጃም ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ነገር ግን መቶ ጣቢያ ላይ ኮሮጆ ለመገልበጥ በየጣቢያው ሰው ማሰማራት፣ ታዛቢ ማባረር ወይም ማባበል ያስፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ደግሞ ምስክር ይተዋል። ሶፍትዌር ግን ማሽኖቹ ከመጋዘን ሳይወጡ በአንድ እጅ ተለውጦ ሁሉም ጣቢያ ሊደርስ ይችላል፤ የፓርቲ ታዛቢውም ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ቢቀመጥ ምንም አያይም። ዛሬ ድምፁ እዚያው ጣቢያው ላይ ተቆጥሮ ውጤቱ ሲለጠፍ፣ መቁጠር የሚችል የቢቸና ገበሬ ራሱ ያረጋግጠዋል። የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤትም በ2009 የሰጠው ውሳኔ መሠረቱ ይኸው ነበር፤ ዜጋ ልዩ የቴክኒክ ዕውቀት ሳይኖረው የድምፅ አሰጣጡንና የቆጠራውን ዋና ዋና ሂደቶች ማረጋገጥ መቻል አለበት በማለት፣ በ2005ቱ ምርጫ የተሠራባቸው ማሽኖች ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥሱ ወስኗል። ከአፍሪካም ናሚቢያ በ2014 በማሽን መርጣ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በ2020 የመራጩን ምርጫ አትሞ የሚያሳይ ማረጋገጫ ወረቀት በሌለው ማሽን መጠቀምን ውድቅ ስላደረገው ወደ ወረቀት ተመልሳለች።

ሕንድን በምሳሌነት የሚያነሡ ይኖራሉ። የሕንዱ ማሽን ከኔትወርክ የማይገናኝ ቀላል መሣሪያ ነው፤ እንዲያም ሆኖ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 መራጩ የሚያየው የወረቀት ማረጋገጫ በየደረጃው እንዲጨመርበት አዝዟል። የመብራቱንና የኔትወርኩን ነገር ደግሞ ከቡሬ እስከ ሞጣ ያለ አንባቢ ሁሉ ስለሚያውቀው አልዘረዝረውም።

ስለዚህ የምርጫ ቦርድ ማሽን ለመሞከር የሚያስብ ከሆነ፣ ማሽኑ በየትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንደሚሠራ፣ አፕዴቱን ማን ከየት ሆኖ እንደሚጭን፣ መራጩ በዓይኑ አይቶ ኮሮጆ ውስጥ የሚከተው ወረቀት ማውጣት አለማውጣቱን፣ የማሽኑና የወረቀቱ ቁጥር ሲለያይም የትኛው እንደሚጸና ከጨረታው በፊት ለሕዝብ እንዲገልጽ ጋዜጣዎ ቢጠይቅልን በማክበር አመለክታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ ከደብረ ማርቆስ