ልጅህን ተማሪዎቿ ምን ብለው ይጥሯት?

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር

ይድረስ ለወንድሜ ለታደለ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ብርዱ ግን ዘንድሮ ቀድሞ ገብቶ ጠዋት ጠዋት ሜዳው ሁሉ በውርጭ ነጥቶ ይታያል። ከተጻጻፍን ዓመታት ማለፋቸውን አውቃለሁ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ለምን አስፈለገ ትል ይሆናል። በስልክ ግን «ደህና ነህ? ደህና ነኝ» ተባብለን ከመዝጋት ያለፈ ነገር አልሆነልንም፤ ዛሬ የምነግርህ ደግሞ ረጋ ብሎ መነበብ ያለበት ነው።

እህትህን ገበያ አግኝቻት መቅደስ አዲስ አበባ የአንደኛ ክፍል መምህርት ሆና መቀጠሯን ነገረችኝ። እንኳን ደስ ያለህ! የአንተ ልጅ ጠመኔ ጨበጠች ሲሉኝ እንባዬ ነው የመጣው። ከዚያ ቀጥላ፣ ልጆቹ «ሚስ» እያሉ እንደሚጠሯት፣ እሷም መጠሪያው እንዳልጣማት፣ «ምን በሉኝ ልበላቸው?» ብላ ስትጠይቅህ አንተ «ዋናው ሥራው ነው፣ በስም ምን ታደርጊያለሽ» ብለህ እንደዘጋኸው አጫወተችኝ። እኔ ግን ታዴ፣ ጥያቄዋ እንዲህ የሚዘጋ አልመሰለኝም። ቤቴ ከገባሁ በኋላም ሳሰላስለው ሰነበትኩ።

አስተማሪ በየትም አገር ሁለት ስም አለው። አንደኛው በቅጥር ደብዳቤውና በደመወዝ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ልጅ እጁን አውጥቶ የሚጠራበት። ይህን ለይተው ያስቀመጡት ጃፓኖች ናቸው። የጃፓን አስተማሪ ሥራህ ምንድነው ቢሉት «ክዮሺ ነኝ» ይላል፤ ተማሪው ግን «ሴንሴይ» ብሎ ነው የሚጠራው። ሴንሴይ የተጻፈባቸው ሁለት ምልክቶች «ቀድሞ የተወለደ» ማለት ናቸው። ሐኪሙንም፣ ጠበቃውንም፣ የምክር ቤት አባሉንም እንዲሁ ይሉታል። ሰው ግን ራሱን ሴንሴይ ብሎ አያስተዋውቅም፤ ክብሩ ከሌላ ሰው አፍ ብቻ የሚመጣ ነው። በቻይና ደግሞ «ላኦሺ» ይሉታል፤ መነሻው ላይ ያለው «ላኦ» ሽማግሌ ማለት ነው። ትናንት ተመርቃ የመጣች ልጅም ክፍል በገባች ቀን ላኦሺ ትባላለች። የመቅደስ እኩያ እዚያ ቢሆን ኖሮ በስም ብቻ ሸብታ ነበር።

አንተና እኔ ሁለተኛውን ስም የተማርነው መንዝ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው። የኔታ ባናቸውን ተከናንበው ከድንጋዩ ላይ ተቀምጠው፣ እኛ ከእግራቸው ሥር ተኮልኩለን፣ በስንደዶ ፊደሉን እየነካን «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ» ስንል ትዝ ይልሃል? የስንደዶዋ ጫፍ ከመነካካት ብዛት ተሰንጥቃ ሁለት ፊደል በአንዴ ትነካ ነበር። ያኔ የጠፋው ልጅ «የኔታ፣ ጠፋኝ!» ይላል፤ እሳቸውም ቀና ሳይሉ፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳይገልጡ፣ የጠፋውን ፊደል ይነግሩታል። ሙሉ ስማቸውን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። «የኔታ» ማለት «የኔ ጌታ» ማለት እንደሆነ ስንጠራቸው አላሰብንም። ለካ ልጁ በጠራቸው ቁጥር «የኔ» እያለ ነበር።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ዮሐንስ ወንጌል ላይ ግን በግልጽ ተቀምጧል። ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ጌታን ተከትለው ሲሄዱ «ረቢ» ይሉታል፣ ወንጌላዊውም ወዲያው ትርጓሜው መምህር ሆይ ማለት ነው ብሎ ያስረዳል። በዕብራይስጡ ቃሉ ሲፈታ «የኔ ታላቅ» ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለችው «ኢ» የእኛ «የኔ» ናት። የፈረንሳይ ተማሪም አስተማሪውን «ሙሲዩ» ሴቷን «ማዳም» ሲል በጥንቱ ፍቺ «የኔ ጌታ»፣ «የኔ እመቤት» ማለቱ ነው። ፈረንሳዮች የደመወዝ መዝገቡን ስም እ.ኤ.አ. በ1990 ለውጠው የአንደኛ ደረጃውን አስተማሪ «ፕሮፌሰር» ብለውታል፤ ሕፃኑ ግን ዛሬም እንደ ድሮው ወንዱን «ሜትር»፣ ሴቷን «ሜትሬስ» ይላል። የመንግሥት አዋጅ የመጀመሪያውን ስም እንጂ ሁለተኛውን አይደርስበትም።

አሁን ወደ ራሳችን ቃል ልመለስ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሠኝ። የኔታ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ እያሉ ለይተው ያስጠኑን በከንቱ አልነበረም። በግዕዝ «መሀረ» በሃሌታው ሲጻፍ አስተማረ ማለት ነው፤ «መሐረ» በሐመሩ ሲጻፍ ደግሞ ይቅር አለ፣ ራራ ማለት ነው። አማርኛችን ሁለቱንም ውጦ አንድ አድርጓቸዋል። ስለዚህ ዛሬ ለታመመ ሰው «እግዜር ይማርህ» ስንልና ስለ ልጅ «ይማር እንጂ» ስንል ቃሉ በጆሮ አንድ ነው። የተለያየ ሥር መሆኑን እያወቅሁም መገጣጠማቸው ደስ ይለኛል። ከሃሌታው ሥር «መምህር» ይወጣል፤ ከዚያው ሥር «ምሁር» ይወጣል። ምሁር ማለት ደግሞ በትክክሉ ሲፈታ ሌላ ሰው ያስተማረው ማለት ነው። ዛሬ በሬዲዮ «ምሁራን እንዲህ አሉ» ሲባል ስሰማ ከስሙ ውስጥ ያለው አስተማሪ ይታየኛል። እንዲያ ብሎ የጠራቸው ቋንቋ አስተማሪያቸውን አልረሳም።

«አስተማሪ» በሌላ በኩል እንዲማር የሚያደርግ ማለት ነው። በእኛው ሰሜን ሸዋ፣ በፍቼና በኩዩ በኩል ያሉት ወንድሞቻችንም በኦሮምኛ ቃሉን በዚሁ መንገድ ነው ያበጁት። መማር «በረቹ» ነው፣ ማስተማር «በርሲሱ»፣ ወንዱ «በርሲሳ»፣ ሴቷ «በርሲስቱ»። ሴቷ የራሷ ቃል እንዳላት ልብ በል፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ወደ ቆላው፣ ወደ ኢፋት ስትወርድ ደግሞ ሼህና ኡስታዝ ነው የምትሰማው፤ ተማሪውም ደረሳ ይባላል። ደረሳ፣ መድረሳ፣ የእኛም ድርሳንና ደራሲ የአንድ ሥር ዘመዶች ናቸው። «ኡስታዝ» ራሱ ወደ ዐረብኛ የገባው ከፋርስ ነው። «ሙዐሊም» የሚለው የዐረብኛ ቃል ደግሞ ባሕርና በረሃ ተሻግሮ በሱማሌ «መዓሊን»፣ በሐውሳ «ማላም»፣ በስዋሂሊ «ምዋሊሙ» ሆኗል። ጁሊየስ ኔሬሬ ፖለቲካ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ታቦራና ፑጉ አስተምሮ ነበርና ታንዛንያውያን አገር ሲመራም፣ ከሞተም በኋላ «ምዋሊሙ» ነው የሚሉት። ፕሬዚዳንትነቱ አለፈ፣ አስተማሪነቱ ቀረለት። ከዚህ የበለጠ ሹመት አላውቅም።

ስሙ ሁልጊዜ ከፍ ብሎ እንዳልነበረም መቅደስ ትወቅ። ዛሬ «ፔዳጎጂ» የምንለው፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ሳለን ያን ሁሉ ያጠናነው የማስተማር ጥበብ፣ ስሙን ያገኘው ከግሪክ ባሪያ ነው። «ፓይዳጎጎስ» የጌታውን ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ የሚመልስና ጠባዩን የሚጠብቅ ባሪያ ነበር፤ የሚያስተምረው ሌላ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ ሕግን በዚሁ ቃል ጠርቶታል፤ መጽሐፍ ቅዱሳችን «ሞግዚት» ብሎ ተርጉሞታል፣ ደግሞም በሚገባ። ሮማውያኑ «ማጊስተር» ያሉት «ይበልጥ» ከሚል ቃል አውጥተው ነው፤ የጣልያኑ ማኤስትሮም፣ የእንግሊዙ ማስተርም የዚያ ልጆች ናቸው።

ሁለተኛ ደረጃ ሳለን ሒሳብ ያስተማሩንን ህንዳዊ አትረሳቸውም። እኛ «ሰር» እንላቸው ነበር። በአገራቸው «ጉሩ» የሚለው ቃል በሳንስክሪት ከባድ፣ ክብደት ያለው ማለት ነው። ትልቁን ፕላኔት፣ ጁፒተርን፣ ጉሩ ይሉታል፤ ሐሙስም በእሱ ስም ይጠራል። እኚያ ቀጭን ሰው በዚያ ብርድ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ሰሌዳውን በቁጥር ሲሞሉ፣ ደወሉ ተደውሎ እንኳ ተማሪው ከወንበሩ አይነሳም ነበር። ቃሉን ያኔ ባውቀው ጉሩ እላቸው ነበር።

አሁን ወደ መቅደስ። ብራዚል ውስጥ ልጆች ሴት አስተማሪያቸውን «ቲያ» ይላሉ፤ አክስት ማለት ነው። ፓውሎ ፍሬሬ፣ ያ ስለ ድሆች ትምህርት ብዙ የጻፈው ብራዚላዊ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አጥብቆ ተቃውሟል። አክስት አባል የምትሆንበት ማኅበር የላትም፤ አክስት ደመወዜ ይሻሻል ብላ ሥራ አታቆምም፤ አስተማሪን አክስት ማለት ሙያዋን መንጠቅ ነው ብሎ ነበር የተከራከረው። በአንድ በኩል ልክ ነው። በእኛ ገጠር ግን ልጅ «ጋሼ»፣ «እትዬ» ሲል ሙያ እየነጠቀ አይደለም፤ ከቤቱ ያወጣውን አክብሮት ይዞ ክፍል መግባቱ ነው። እኔ ራሴ «ጋሼ» ተብዬ ሠርቼ አንድ ቀን እንኳ ቀለልኩ ብዬ አላውቅም። ሆኖም ዝምድናው ብቻውን አይበቃም፤ ሙያዋም ከስሙ ውስጥ መሰማት አለበት።

«ሚስ» ግን ሁለቱንም የለውም። እንግሊዞች ወንዱን አስተማሪ «ሰር» ብለው በባላባት ማዕረግ ይጠሩታል፤ ሴቷን «ሚስ» ይሏታል፣ ትርጉሙም ያላገባች ነው። አግብታ ልጅ የወለደችውም ክፍል ውስጥ ሚስ ናት። ልጅህ ያልጣማት ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ተማሪዋ ስለ ባል ጉዳይ ምን አገባው?

ትልቁ ችግር ግን የእኛው ነው። ወንዱ የኔታ አለው፣ መሪጌታ አለው። ሴቷ በወረቀት ላይ «መምህርት» ናት፤ በግዕዙ የተስተካከለ ቆንጆ ቃል ነው። ግን ልጅ «መምህርት! መምህርት!» እያለ እጁን ሲያወጣ ሰምተህ ታውቃለህ? አታውቅም። ቀርቶባት «ቲቸር» ሆነች። ቲቸርን አልጠላም፤ እኔንም ሰላሳ ልጅ በአንዴ «ቲቸር፣ ይሄ ልጅ መታኝ» ሲለኝ በፍቅር ነው። እንግሊዝኛው ራሱ ሥሩ «ማሳየት» ነውና ጥሩ ቃል ነው። ለልጆቻችን ግን ከውስጡ የሚሰማ ነገር የለውም።

ብዙ ካሰብኩ በኋላ ያገኘሁት ይህን ነው። በእኛ አገር ቄሱን «መምሬ» እንላለን፣ አይደል? መምሬ «መምህሬ» ነው፤ ከመጠራት ብዛት የተሸረሸረ። የኔ መምህር ማለት ነው፤ እንደ የኔታ፣ እንደ ረቢ። መቅደስ ተማሪዎቿን «መምህሬ በሉኝ» ትበላቸው። ወንድና ሴት አይለይም፣ ስላገባችና ስላላገባች አያወራም፤ ሙያውም አለበት፣ «የኔ» የሚለውም አለበት። ከቄስ ስም ጋር ይቀላቀላል የሚል አይጠፋም። ይበል። ቄሱም ስሙን ያገኙት ከማስተማር ነው።

የፊንላንድ ልጆች አስተማሪያቸውን በስም ብቻ ወይም «ኦፔ» ብለው አቆላምጠው እንደሚጠሩ፣ እዚያ ግን የማስተርስ ዲግሪ የሌለው የአንደኛ ክፍል መደበኛ አስተማሪ እንደማይሆንና ሙያውም እጅግ የተከበረ እንደሆነ አውቃለሁ። ክብሩ ያለስሙም ይገኛል ብለህ ብትከራከረኝ እሰማሃለሁ። የእኛ ሕዝብ ግን በአጠራር ነው የሚያከብረው፤ አንተም እናትህን በስማቸው ጠርተሃቸው አታውቅም።

ይህን ደብዳቤ አንብብላት። መምህሬ የሚለውን ሞክራው ልጆቹ ምን እንዳደረጉት፣ አሳጠሩት ወይስ አቆላመጡት፣ ራሷ ትጻፍልኝ። የእሷን ጽሕፈት ማየት እፈልጋለሁ። አንተም ለገና ወደ አገር ከወጣህ አውቶቡሱ እዚህ ሲያቆም ሳታልፈኝ ውረድ፤ ከዚያ አብረን መንዝ እንሄዳለን፣ የኔታ መቃብር ላይ ያለው ሣር መታጨድ አለበት። ለእማማ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በልልኝ፤ ባለቤትህንና ልጆቹን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

ወንድምህ
ግርማ