የተቀረቀረ ጠመንጃን መሬት ላይ አትምቱ

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፤

ባለፈው ሰሞን ስለ ጠመንጃ አያያዝ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እዚህ አሜሪካ በሕጋዊ መንገድ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ገዝተው ቤታቸው ያስቀመጡ፣ ቅዳሜ ቅዳሜም ወደ ኢላማ ሜዳ የሚወጡ ወገኖች ስላሉ ጉዳዩ በአማርኛ መጻፉን እደግፋለሁ። ነገር ግን ጽሑፉ ሁለት ነገር ተናግሯል፤ የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው፣ ሁለተኛው ሰው ሊያስገድል ይችላል። ቀለሁ፣ ማለትም ባሩዱን የሚይዘው የጥይቱ ዕቃ፣ ከብረት የተሠራ ጥይት አስተማማኝ ስላልሆነና ጠመንጃ ስለሚያበላሽ ማንም አይግዛው ይላል። ቀጥሎም ቀለህ ተቀርቅሮ አልወጣም ሲል ሰደፉን፣ ትከሻ ላይ የሚያርፈውን የጠመንጃውን ኋላ፣ መሬት ላይ እየመታችሁ ማቀባበያውን፣ ጥይት የሚያጎርሰውን እጀታ፣ ጎትቱ ብሎ ይመክራል። በውስጡ ያለው ባዶ ቀለህ ይሁን ያልተተኮሰ ጥይት አስቀድማችሁ አረጋግጡ የሚል አንድ መስመር እንኳ የለበትም።

በወጣትነቴ አገር ቤት፣ በሠራዊቱ ውስጥ መሣሪያ ጠጋኝ ነበርኩ። በእጄ ያለፈው ክላሽ ብዙ ነው። ጥይቱ ከሶቪየት ኅብረት የሚመጣ፣ እንደ ሳርዲን በቆርቆሮ የታሸገ፣ በመክፈቻ እየተቀደደ የሚወጣ ነበር፤ ቀለሁም አረንጓዴ ቫርኒሽ የተቀባ ብረት። አቧራ በልቶ፣ ዝናብ ተደብድቦ የመጣ ጠመንጃ ያንን ጥይት እየጎረሰ ሲተፋ ኖሯል። ስለዚህ ብረት ሁሉ ጠላት ነው የሚል ጽሑፍ ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ምክንያቱን ላስረዳ። ክላሹና ጥይቱ አንዱ ለሌላው የተሠሩ ናቸው። 7.62 በ39 የሚባለው የክላሽ ጥይት ቀለህ ከግርጌው 11.35 ሚሊ ሜትር ያህል ወፍሮ ይነሳና ትከሻው ላይ ሲደርስ ወደ 10.07 ይቀጥናል። የቡና ሲኒዎች ተደራርበው ሲቀመጡ አንዱን ከአንዱ ማውጣት የማይቸግረው ወደ ታች እየጠበቡ ስለሚሄዱ ነው፤ ትንሽ ከፍ ሲደረግ ሲኒው ዙሪያውን ይለቃል። የክላሽ ቀለህም ገና ንቅንቅ ሲል ከግድግዳው ይላቀቃል። አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው የኤአር-15 ጠመንጃ ጥይት፣ 5.56 በ45፣ እንዲህ አይደለም። ከግርጌው 9.58 ሆኖ ይነሳና ትከሻው ላይ 9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቁመቱም ከክላሹ ይረዝማል። ቀጥ ያለ ጣሳ በቀጥ ያለ ጣሳ ውስጥ እንደማለት ነው። ሲወጣ እስከ መጨረሻው እየታከከ ይወጣል።

በዚህ ላይ የብረት ጠባይ ይጨመራል። ጥይቱ ሲተኮስ ቀለሁ በባሩዱ ግፊት ያብጥና ጥይት ቤቱን፣ ማለትም ጥይቱ ከካዝናው ወጥቶ የሚያርፍበትን የበርሜሉን የኋላ ክፍል፣ ይሞላል። ናስ ቶሎ አብጦ ጥይት ቤቱን ጥብቅ አድርጎ ይዘጋል፤ ግፊቱ ሲወርድም ሰብሰብ ይላል። ብረት ግትር ስለሆነ እንደ ናስ አይዘጋም፣ እንደ ናስም አይሰበሰብም። ስለዚህ ጥላሸት የተሸከመ ጋዝ በጎኑ ሾልኮ ወደ ኋላ ይመለስና በጥይት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይጋገራል። ብዙ ሰው ቫርኒሹ ቀልጦ ነው የሚያጣብቀው ይላል። አይደለም። የሚያጣብቀው ጥላሸቱ ነው፤ ቫርኒሽ የሌለው፣ በፖሊመር የተለበጠው የብረት ቀለህም ያው ጥላሸት ይተዋል።

ለዚህ ደብዳቤ ያነሳሳኝን ነገር አሁን ልናገር። ባለፈው ዓመት አንድ ወዳጄ አዲስ ኤአር-15 ይዞ አብረን ወጣን። ርካሽ ነው ብሎ 200 ያህል የብረት ቀለህ ጥይት ተኮሰ፤ አንድም አልተቀረቀረበትም። ከዚያ ጠመንጃውን ሳይወለውል ወደ ናሱ ዞረ። ናሱ በጥላሸቱ መካከል አብጦ ተጣበቀ፣ ነክሶ የሚያወጣው ጥርስም የቀለሁን ከንፈር ሸርፎ ባዶውን ተመለሰ። ወዳጄ በናሱ ተናደደ። ጥፋቱ ግን አስቀድሞ የተከማቸ ነበር። ከዚያም እናንተ የመከራችሁትን አደረገ፤ ሰደፉን ኮንክሪቱ ላይ አሳርፎ ማቀባበያውን በእግሩ ረገጠ። አፈሙዙ ከአገጩ አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር። ጮኼ አስቆምኩት። በውስጡ የነበረው ባዶ ቀለህ ነው፤ ይህን ግን በዚያች ሰዓት እሱም እኔም አላወቅንም። የሁለት ልጆች አባት ነው። ያቺ ቅጽበት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም።

ጽሑፋችሁ የብረት ቀለህ አስተማማኝነቱ ያነሰ ነው ማለቱ ግን ትክክል ነው፤ ማስረጃም አለ። ለኪ ገነር የተባለው የአሜሪካ ጥይት ሻጭ ውጤቱን በ2013 ባወጣው ሙከራ አራት ቡሽማስተር ጠመንጃዎችን ወስዶ ለእያንዳንዳቸው 10,000 ጥይት መደበ። ፌደራል የተባለውን ኩባንያ የናስ ቀለህ ጥይት የተኮሰው ጠመንጃ አንድ ጊዜም አልከሸፈበትም። ብራውን ቤር የተባለውን የብረት ቀለህ የተኮሰው 9 ጊዜ፣ ውልፍ የተባለውን ሌላ የብረት ቀለህ የተኮሰው 15 ጊዜ ተስተጓጎለ። ቱላ የተባለውን፣ እሱም ብረት ነው፣ የተኮሰው 10,000 ሳይደርስ ተቋረጠ። ከ10,000 ጥይት 9 ጊዜ መስተጓጎል ለኢላማ ልምምድ ምንም ማለት አይደለም። ሌሊት በር ሲሰበር ግን ያቺ አንዷ ብቻ ናት የምትቆጠረው። ለቤቱ ጥበቃ ጠመንጃ ያስቀመጠ ሰው ካዝናውን በናስ ይሙላ፤ ያንንም ጥይት ቢሆን በራሱ ጠመንጃ ተኩሶ ይሞክረው።

ከሙከራው የወጣ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ጽሑፋችሁ የሳተውም እዚህ ላይ ነው። የብረት ቀለህ የተኮሱት ጠመንጃዎች በርሜል ከ10,000ው ግማሹ አካባቢ ሲደርሱ አልቆ ነበር። ነገር ግን በርሜሉን የበላው ቀለሁ አይደለም። ቀለሁ ከጥይት ቤቱ አልፎ ወደ በርሜሉ አይገባም፤ የሚገባው ተተኩሶ የሚወጣው አረሩ ነው። የሩሲያ ርካሽ ጥይቶች አረር ልባሱ ለስላሳ ብረት ሆኖ ከላዩ መዳብ የተነከረ ነው፤ በርሜሉን እየፋቀ የሚሄደው ይህ ነው። ማግኔት ወደ አረሩ ጫፍ አስጠጉና እዩ። ቀለሁ ናስ ሆኖ አረሩ ማግኔት የሚይዝ ጥይት አለ፤ ቀለሁ ብረት ሆኖ አረሩ ንጹሕ መዳብ የለበሰም አለ። አንዳንድ የኢላማ ሜዳዎች በር ላይ ማግኔት ይዘው የሚጠብቁትም ጥይት የሚቀበለው ግድግዳቸው እንዳይጎዳ፣ ብልጭታም እሳት እንዳያስነሳ ብለው ነው።

ናስ ነውና አይቀረቀርም ብሎ የሚተማመን ደግሞ ቬትናምን ያስታውስ። የኤአር-15 ወታደራዊ ወንድም የሆነው ኤም-16 በ1960ዎቹ እዚያ ሲገባ ቀለሁ ናስ ነበር፤ ወታደሮች ግን የተቀረቀረ ቀለህ በዘንግ ለማውጣት ሲታገሉ ሞቱ። ባሩዱ ተቀይሮ ነበር፣ ጥይት ቤቱ በክሮም አልተለበጠም ነበር፣ መወልወያ እንኳ በበቂ አልታደለም። በ1967 የአሜሪካ ምክር ቤት በሪቻርድ አይኮርድ የሚመራ ንዑስ ኮሚቴ አቋቁሞ ጉዳዩን መርምሯል። በሌላ በኩል አሜሪካ ራሷ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናስ ሲያጥራት በኢንዲያና ግዛት፣ በኢቫንስቪል ከተማ፣ በክራይስለር ፋብሪካ የ.45 ሽጉጥ ጥይትን በብረት ቀለህ አምርታ ወታደሮቿን አስታጥቃለች።

ስለ ዋጋው ብዙ አልልም። የአሜሪካ መንግሥት በነሐሴ 2021 በሩሲያው ተቃዋሚ ፖለቲከኛ በአሌክሲ ናቫልኒ መመረዝ ምክንያት ማዕቀብ ጥሎ ለሩሲያ ጥይት አዲስ የማስገቢያ ፈቃድ እንዳይሰጥ ካወጀ ወዲህ የብረት ቀለህ ጥይት እንደ ቀድሞው በየመደብሩ አይገኝም። ክላሽ ያለው ሰው ካገኘው ሳይፈራ ይተኩሰው። ኤአር-15 ያለው ሰው ለልምምድ ሊተኩሰው ይችላል፤ ወደ ናስ ከመዞሩ በፊት ግን ጥይት ቤቱን በብሩሽ ይወልውል። ይህ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ክቡር አዘጋጅ፣ ስለ ብረቱ ያላችሁትን ብታርሙም ባታርሙም ብዙ አልቀየምም። ሰደፍ ስለ መምታት የጻፋችሁትን ግን እባክዎ በሚቀጥለው እትም አርሙልን። ቢቻል እንዲህ ተብሎ ይውጣ፦ ጠመንጃው ሲቀረቀር አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳቀናችሁ ጣታችሁን ከቃታው አንሱ። ቃታ ስባችሁ ካልፈነዳ ቢያንስ 30 ሰከንድ ሳትነኩት ጠብቁ፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት አለ። ካዝናውን አውጡ። የተቀረቀረው ከተኮሳችሁ በኋላ ቀለሁ ሳይወጣ ቀርቶ ነው ወይስ ጥይቱ በቅጡ ሳይገባ? የመጀመሪያው ከሆነ በውስጡ ያለው ባዶ ቀለህ ነው፣ በዘንግ ይወጣል። ሁለተኛው ከሆነ፣ ወይም እርግጠኛ ካልሆናችሁ፣ በውስጡ ያለው ሕይወት ያለው ጥይት ነውና በአፈሙዙ በኩል ዘንግ አታስገቡ፣ ሰደፉንም አትምቱ። አፈሙዙን ከኢላማው ሳታዞሩ የሜዳውን ኃላፊ ጥሩ።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ መሣሪያ ጠጋኝ፣ ከቨርጂኒያ