እስከ በረካ እንቀመጥ

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ከገባ ወዲህ ቀኑ እንዴት እንደሮጠ እንጃ። ይኸው ታኅሣሥ 29 ሊደርስ ነው። የደብረ ማርቆስ ገበያም ደምቋል። በግ የሚጎትተው፣ ቅቤ የሚያሸተው፣ ዶሮ ቁልቁል አንጠልጥሎ የሚሮጠው ብዙ ነው።

ያለፈው ገና ላይ ያደረግሁትን ልናዘዝ። በአንድ ቀን አምስት ቤት ገባሁ። አክስቴ ቤት ስደርስ ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ረከቦቱ ቀርቧል። ዶሮውን በላሁ (እሱንስ አጣጥሜዋለሁ፣ አልዋሽም)። አቦሉን ጠጣሁ። ቶናው እስኪፈላ ስልኬን ስነካካ ቆየሁና "ሌላ ቤት ይጠብቁኛል" ብዬ ብድግ አልኩ። አክስቴ ምንም አላሉም። የኔን ሲኒ ብቻ አንሥተው ረከቦቱ ጥግ አስቀመጡት። ያቺ ሲኒ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋችም።

ዘንድሮ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሁለት ቤት ይበቃል፤ ግን እስከ በረካ እንቀመጥ። ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቆይ። ከአዲስ አበባ ዓባይ በረሃን አቋርጣችሁ የምትመጡም፣ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ ፎቶ ብቻ አንሥታችሁ እንዳትመለሱ። አደራ!

ከማኅበራችን ሁለት እናቶች ዘንድሮ በዓሉን ብቻቸውን ነው የሚውሉት። ማን ማን ጋ እንደሚሄድ ቅዳሜ ከጽዋው በኋላ እንነጋገር። ጠላውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።