ፍሎፒ ዲስኮቻችን ሳይነበቡ አይጣሉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ወር እዚሁ ደብረ ማርቆስ አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤቱን ሲያጸዳ፣ ያረጁ ኮምፒውተሮችን በኪሎ እየመዘነ ለብረታ ብረት ገዢ ሲያስረክብ በአጋጣሚ ደረስኩ። የኮምፒውተሮቹ መሸጥ እንኳ ያን ያህል አላስከፋኝም። ያስከፋኝ በካርቶን ታጭቀው ከወረቀት ቆሻሻ ጋር የተጫኑት ፍሎፒ ዲስኮች (ድሮ የኮምፒውተር ጽሑፍ ይቀመጥባቸው የነበሩት ስስ ዲስኮች) ናቸው፤ በአንዳንዶቹ ላይ በእስክሪብቶ «ቃለ ጉባኤ 1988» የሚል ተጽፎባቸው ነበር። ለምን እንደሚጣሉ ብጠይቅ «የሚያነባቸው ማሽን የለም» ተባልኩ። ማሽኑ ግን በዚያች ሰዓት ሚዛን ላይ ተቀምጦ ነበር።

ይህን የምጽፈው ከልጅነቴ ጀምሮ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ፈትቶ የመግጠም አመል ያልለቀቀኝ ሰው ስለሆንኩ ነው። አባቴ የባትሪ ድንጋዩ ሲደክምባቸው ፀሐይ ላይ እያሰጡ የሚያዳምጡትን ራዲዮ ፈትቼ መልሼ መግጠም ያቃተኝ ዕለት የደረሰብኝን ግን አልዘረዝርም።

ኮምፒውተር የለመድኩት በ1986 ዓ.ም. በአንድ ባለ 286 ማሽን ላይ (ቁጥሩ የዋናው ቺፕ ስያሜ ነው) ሲሆን፣ በቤዚክ ቋንቋ የጻፍኩት የመጀመሪያ ቁም ነገር ያለው ፕሮግራምም ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበት የቤተ ክርስቲያን ስሌት ነበር። ስሌቱ ለማሽን የተመቸ ነው፤ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ19 ይካፈላል፣ ከቀሪው አንድ ሲነሣ ወንበር ይገኛል፣ ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ (ለ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ) አበቅቴን፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዕን ይሰጣል። በኩራት ዓመቱን አስገብቼ ብጠብቅ፣ ማሽኑ አበቅቴን ከዜሮ በታች 11፣ መጥቅዕን ከዜሮ በታች 19 ብሎ አወጣልኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስህተቱን ፈልጌ ባጣው፣ በማግሥቱ ወረቀቱን ይዤ ወደ አንድ መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸውም ገና ሳያዩት «7486 ለ19 እኮ ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ቀሪ ሲታጣ 19 ይያዝና ወንበሩ 18 ይሆናል፤ ማሽንህ ይህን አልተማረም» አሉኝ። አንድ መስመር ብጨምርለት አበቅቴ 18፣ መጥቅዕ 12 ሆነው ወጡ፤ ሁለቱ ሲደመሩም እንደ ደንቡ 30 ሆኑ። ከ19 ዓመት አንዴ ብቻ የሚያጋጥመውን ዓመት መርጬ መጀመሬ እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ፕሮግራሙ ያለበት ባለ 5.25 ኢንች ዲስክ አሁንም ይነበባል።

የአማርኛ ጽሑፍ ያለባቸው ዲስኮች ጉዳይ ግን ከዚህ ይከብዳል። 33ቱ ፊደላት በ7 ሆሄያት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ (እንደ «ሟ» ያሉት)፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ የዘመኑ ፎንት ከነበረው 256 ቦታ በላይ ያልፋሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር አዘጋጅ ፊደሉን እንዳመቸው ከፋፍሎ በላቲን ሆሄያት ቦታ አስቀመጠው። ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ቁጥር በሚሰጠው ደረጃ) የራሱን ቦታ እስኪያገኝ ድረስ አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነበውም ነበር። ያን ጊዜ የተጻፈ ደብዳቤ ዛሬ ሲከፈት የተበታተነ የላቲን ሆሄና ምልክት ሆኖ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። ያየው ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ ይሰርዘዋል፤ ጽሑፉ ግን አልተበላሸም። የዚያን ሶፍትዌር አሰላለፍ የሚያውቅ ሰው የትኛው ምልክት በየትኛው ፊደል ምትክ እንደ ገባ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ በአጭር ፕሮግራም ሊመልሰው ይችላል። እኔ ራሴ የአንድ ዕድር መተዳደሪያ ደንብ በዚህ መንገድ መልሻለሁ፤ «ሟ» የምትባለዋ ፊደል ብቻ ሦስት ቀን አስቸግራኛለች።

ማሽኑንም ቢሆን ማዳን ይቻላል። የባለ 286 እና የባለ 386 ኮምፒውተሮች ዋነኛ ገዳይ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ የተበየደችው ትንሽ ባትሪ ናት፤ ከዓመታት በኋላ ትፈስና አረንጓዴ ዝገት እያበቀለች የመዳብ መስመሮቹን ትበላለች። ባትሪዋን ቆርጦ ማውጣት፣ ዝገቱን በሎሚ ጭማቂ ወይም በኮምጣጤ ማብረድ፣ በአልኮል አጥቦ ማድረቅ፣ ከዚያም የተበላውን መስመር በቀጭን ሽቦ መበየድ ነው። ሎሚ የሚረዳው የሚፈሰው ነገር አሲድ ሳይሆን ተቃራኒው ስለሆነ ነው። (የአገራችን አረቄ በአልኮሉ ፋንታ አያገለግልም፤ ውኃው ይበዛበታል። ሞክሬዋለሁ።)

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ ነገር አይደለም። ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም ዩኒቨርሲቲ አለን፤ በእያንዳንዳቸው አንዲት ክፍል ውስጥ የሚሠራ ባለ 386 ማሽን፣ የሁለቱም መጠን (የባለ 5.25 እና የባለ 3.5 ኢንች) ፍሎፒ ማንበቢያና ጉዳዩን የሚወድ አንድ ባለሙያ ቢኖር ይበቃል። የየመሥሪያ ቤቱ ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴም ኮምፒውተር ከመሸጡ በፊት በአጠገቡ ያሉት ዲስኮች መነበብ አለመነበባቸውን በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲያሰፍር ቢታዘዝ መልካም ነው።

እስከዚያው ግን በቤታችሁ ፍሎፒ ዲስክ ያላችሁ ሰዎች፣ ያገኛችሁት ማንበቢያ ውስጥ ከትታችሁ አትሞክሩት። መጀመሪያ፣ ባለ 3.5 ኢንች ከሆነ መሸፈኛውን ገለጥ አድርጋችሁ፣ ባለ 5.25 ከሆነ በክፍተቱ በኩል፣ ጥቁሩን ገጽ በብርሃን ተመልከቱት። እንደ ጭጋግ ያለ ነጭ ሻጋታ ካያችሁበት፣ ማንበቢያው ያንን እየፋቀ መረጃውንም አብሮ ስለሚልጠው፣ በደረቅ ቦታ አስቀምጣችሁ የሚያጥበው ሰው ፈልጉለት።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ
ከደብረ ማርቆስ